ወርቅ ውጧል ተብዬ ማንጎ ሥር ስጠበቅ

እኔ ወርቅ ውጬ አላውቅም። ይሄን መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል፤ ምክንያቱም እስከ ዛሬ መንጌ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ፊቴን ሳይሆን ሆዴን እያዩ ሰላም የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ታሪኩን ከሌላ ሰው ሰምታችሁ ከሆነ እሱን እርሱት። ሌላው ሰው ቆርጦ ቀጥሎ ነው የሚያወራው። ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ይመር።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። የተወለድኩት ባምባሲ በኩል ካሉት የሰፈራ መንደሮች ባንዱ ነው። እናትና አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ ተለያየን፤ ተጣልተን አይደለም፣ እሱም አልፈለገኝም፣ እኔም አልፈለግኩትም። ጉልበት ግን ነበረኝ። የበቆሎ ኩንታል ተሸክሜ እያፏጨሁ ዳገት ስወጣ ሴቶች ቆመው ነው የሚያዩኝ። እሺ፣ አንዷ ቆማ አይታኛለች። እሷም መንገድ ዘግቼባት ነው።

በዚህ ጉልበቴ ነው መንጌ አካባቢ ወርቅ ቁፋሮ የገባሁት። ቡድናችንን የሚመራው ዓሚ ኢድሪስ የሚባል የበርታ ሽማግሌ ነው። ዓሚ ማለት በዓረብኛ አጎቴ ማለት ነው፤ እዚያ ትልቅን ሰው እንዲያ ነው የምንጠራው። እኔና አደም የሚባል የበርታ ልጅ እንቆፍራለን፣ አፈሩን ጅረቱ ድረስ እንሸከማለን። የዓሚ ኢድሪስ ሚስት ሐሊማ ደግሞ በገበቴ ታጥባለች። ገበቴው ሰፊ የእንጨት ሳህን ነው፤ በውሃ እያሽከረከረች አፈሩን ታስወጣና ወርቁ ሥር ይቀራል። ሐሊማ ስታጥብ እጇን ብታዩ የምትጨፍር ነው የሚመስላችሁ።

አደም ካየው ሁሉ ግማሹን የማያምን ልጅ ነው። ዝናብ እየዘነበ “ዘነበ” ብትሉት ወጥቶ እጁን ዘርግቶ ነው የሚቀበላችሁ። አማርኛው ወንድና ሴት፣ እኔና አንተ ይቀላቀልበታል። እኔ ግን በሱ አልስቅም፤ እሱ አራት ቋንቋ ያወራል፣ እኔ በአንዱም በደንብ አልጻፍኩም።

ቡድናችን አንድ ደንብ ነበረው። ከማጠቢያው አጠገብ የሚነሳ ሰው፣ ለሽንትም ይሁን ለሶላት፣ እጁን ገበቴው ውስጥ አለቅልቆ፣ ጥፍሩን ጠርጎ፣ ጸጉሩን አራግፎ ነው የሚሄደው። የወርቅ ብናኝ ጥፍር ሥር ይገባላ። ዓሚ ኢድሪስ ራሱ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ማንም አይቀየምም። ደህና ሰው በቀን አንዴ ሁለቴ ያለቀልቃል፣ ያልቃል።

እኔን ግን ውሃ ጥም ያዘኝ። ውሃ ጥም ስላችሁ የናንተን ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ጀሪካን አንስቼ ስጨልጥ ጀሪካኑ ይጨማደዳል። ጠጥቼ ሳላስቀምጠው ምላሴ እንደ ቆዳ ይደርቃል። የጠጣሁት ደግሞ አይቆይም፣ ወዲያው ይመጣል። እነሳለሁ፣ ገበቴው ውስጥ አለቀልቃለሁ፣ ጫካ እሄዳለሁ። ተመልሼ ዶማዬን ከማንሳቴ እንደገና ይመጣል። ሐሊማ ማጠቡን አቁማ ገበቴውን ለኔ መያዝ ሥራዋ ሆነ።

“ይመር፣” አለችኝ አንድ ቀን፣ “ወርቅ ነው የማጥበው ወይስ አንተን?”

“ማን እንደሚከብድ አንቺ ታውቂያለሽ” አልኳት።

አደም ግን አልሳቀም። ዶማውን ተደግፎ ቆሞ ያየኛል።

“አንተ አሁን ሄደ፣ አሁን መጣ፣ አሁን ደግሞ ሄደ። ጫካ ውስጥ ምን አለ?”

“ጅብ ቀጥሬ ነው፣ አስታራቂ ሆኜ” አልኩት።

“ጅብ በቀን የለም” አለ። በቃ፣ ከዚያ ጀምሮ ዓይኑ ከኔ ላይ አልተነሳም።

እኔም አልተኛሁለትም። ሰውነቴ እየቀለለ ነው። ሱሪዬን የማስርበት ገመድ በየጊዜው ይጠብቃል። ኩንታል ተሸክሜ አፏጭ የነበርኩት ልጅ ግማሽ ጆንያ አፈር ይዤ ጅረቱ ጋ ሳልደርስ ሁለቴ አወርደዋለሁ። ታዲያ ለማን እናገራለሁ? ጉልበት ነው ያለኝ፣ እሱን ካጣሁ እኔ ምንድን ነኝ? እያሰብኩ አንድ ነገር ላይ ደረስኩ። ሰው አድርጎብኛል። ውሃዬ ውስጥ የሆነ ነገር ጨምረዋል። የማን ጀሪካን ነው ከኔ ጀሪካን አጠገብ የሚቀመጠው? የአደም። ማነው ጠጥቼ እስክጨርስ የሚያየኝ? አደም።

ከዚያ ወዲያ ጅረቱን ወደ ላይ ወጥቼ በእፍኜ መጠጣት ጀመርኩ። አደም ተከትሎኝ ይመጣል። እሱ እኔ ወርቅ የምቀብር መስሎት ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ያየኛል፤ እኔ ደግሞ ውሃውን ሊመርዝ የመጣ መስሎኝ እሱን አያለሁ። ሰው ቢያየን የተፋቀርን ነበር የምንመስለው።

ሐሊማ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣች። አንድ ቀን እጄን ሳለቀልቅ ጠጋ አለችና አሸተተችኝ።

“አፍህ ምንድን ነው የሚሸተው? አረቄ ጠጥተሃል?”

“ወላሂ አልጠጣሁም።”

“የበሰበሰ ማንጎ ይሸታል። ሳትጠጣ እንዲህ አይሸትም።”

ስለዚህ ሌባም ሰካራምም ሆንኩ። አንዱንም ሳላጣጥመው።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ሐሙስ ቀን ነው። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት። ሐሊማ ገበቴውን እያሽከረከረች አፈሩ አልቆ ጥቁሩ አሸዋ ብቻ ሲቀር ድንገት እጇ ቆመ። ዝቅ ብላ አየች። ከዚያ ዓሚ ኢድሪስን በበርታ ጠራችው። ቋንቋውን ባልሰማም ድምጿን ሰማሁት። ወርቅ ሲያዩ ሰዎች ድምፃቸው ይቀንሳል፣ አይጨምርም። ባቄላ የምታክል ፍሬ አይታለች። እዚያ ቦታ እኮ ወርቅ ማለት ብናኝ ነው፤ ባቄላ በዕድሜ አንዴ ቢታይ ነው።

እኔ በዚያች ሰዓት ምን ላይ ነበርኩ? ሽንቴ ይዞኝ ነበር። ሊያመልጠኝ ነው። ደንቡ ደግሞ አለ፤ ሳላለቀልቅ ብሮጥ ሌባ ነኝ። ሐሊማ ቀና ብላ ባሏን ስትጠራ እኔ እጄን ገበቴው ውስጥ ከትቼ አለቅልቄ ተነስቼ ሮጥኩ። ፍሬዋን አላየሁም። ዓይኔ እንኳን ወርቅ ዛፍም አልታየውም፤ ያኔ እይታዬም መደብዘዝ ጀምሮ ነበር።

ስመለስ ሦስቱም ቆመዋል። ገበቴው ባዶ ነው።

“አፍህን ክፈት” አለኝ ዓሚ ኢድሪስ።

ከፈትኩ። ምላሴን አነሳሁ። ጸጉሬን ፈተሹ፣ ጆሮዬን ፈተሹ፣ ሸሚዜን አወለቅኩ፣ ሱሪዬን አወለቅኩ። ሐሊማ ፊቷን አዙራ ቆመች። አደም የሄድኩበት ጫካ ገብቶ የረገጥኩትን ቅጠል ሁሉ ገልብጦ መጣ።

“የለም” አለ። ቀጥሎ ሆዴን በጣቱ ነካ። “እዚህ ነው። በላ።”

“እጄን እኮ በደንቡ ነው የከተትኩት።”

“በደንብ ከተተ፣ በደንብ አወጣ፣ በደንብ ዋጠ።”

ይሄን ያለው አማርኛ አይችልም የሚባለው ልጅ ነው።

ወርቅ ውጧል የተባለ ሰው እንደማይደበደብ እወቁ። ዓሚ ኢድሪስ ዱላ የሚባል ነገር አይወድም። ሰውየው ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ጠባቂ ይመደብለታል፣ በደንብ ይበላል፣ በደንብ ይጠጣል፣ እስኪወጣ ይጠበቃል። ከወጣ ሰውየው በእግሩ አገሩ ይገባል፣ ዳግም እዚያ ጅረት አይደርስም። ካልወጣ ይቅርታ ይጠየቃል። እንዲህ ነው። እኔም “ጠብቁኝ፣ ትጠግባላችሁ” አልኳቸው። እርግጠኛ ነበርኩ። ያልዋጥኩት ነገር ከየት ይወጣል?

ጅረቱ አጠገብ ካለው ትልቁ ማንጎ ሥር ተቀመጥኩ። አደም አሸዋውን ደልድሎ መጸዳጃ አዘጋጀልኝ፤ እዚያ ብቻ ነው፣ በሱ ፊት ብቻ ነው። ሐሊማ ሆዴ እንዲላላ ብላ ሻይ አፈላች። የሷን ሻይ የማያውቅ ሰው ሻይ አያውቅም፤ ማንኪያው ስኳሩ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጥም ላይ ነኝ፣ ጨለጥኩት። ደገመችልኝ። ማንጎው ደግሞ እላዬ ላይ ነው፤ የበሰለውን እያወረዱ አበሉኝ። ገንፎ በማር መጣ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተቀልቤ አላውቅም። ጠላት እንዲህ ከሆነ ወዳጅ ምን ያደርጋል አልኩ።

ግን ሆዴ አልላላም። የሚወጣው ሽንት ብቻ ነው። እየጠጣሁ እሸናለሁ፣ እየሸናሁ እጠጣለሁ።

ወደ ማታ ገደማ አደም አሸዋው ላይ ጎንበስ ብሎ ቀረ። ጠራኝ።

“ና። ይሄ ምንድን ነው?”

የሸናሁበት ቦታ ጠቁሯል። ጉንዳን ነው። ከማንጎው ግንድ ጀምሮ መስመር ሠርተው መጥተው ያቺን እርጥብ አሸዋ ከበዋታል። እሱ ራሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ከዚያ ወዲያ ሸንቷል፤ እዚያ አንድ ጉንዳን የለም።

“እኔ ላይ አልመጣም። አንተ ላይ መጣ” አለ። “ማር ቀበረ?”

“አሸዋውን የደለደልከው አንተ ነህ።”

በእንጨት ቆፈረው። ወርቅ የለም፣ ማር የለም፣ እርጥብ አሸዋ ብቻ። ጉንዳኖቹ ተበተኑና ተመልሰው መጡ። አደም በቁጢጥ ተቀምጦ አያቸው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እኔም ጉንዳኑን አየሁና ጀርባዬን በረደኝ። በኔ ቤት መልሱን አግኝቻለሁ፤ ያበሉኝ መድኃኒት ነው በሽንቴ የሚወጣው። ሻዩ ነው። ከዚያ በኋላ ሐሊማ ብርጭቆ ስታመጣ “አንቺ ቅመሽው” አልኳት። ቀመሰችው፣ ከንፈሯን ጠረገች፣ “አሁን ጠጣ፣ ሌባ” አለችኝ። ጠጣሁት፤ ጥሙ ከመርዙ ይብሳል።

በነጋታው ጠዋት ማስመለስ ጀመርኩ። ሆዴን ቢላ ይቆርጠኛል። ትንፋሼ ሳልሮጥ የሮጠ ሰው ትንፋሽ ሆነ፣ ረጅም፣ ከታች የሚሳብ። ቀልድ ሊመጣልኝ አልቻለም። ይሄኔ ነው የፈራሁት፤ እኔ እንኳን ታምሜ ተኝቼም እቀልዳለሁ።

ዓሚ ኢድሪስ ግንባሬን ነካ፣ ዓይኔን ገለጠና አየ።

“ይሄ ልጅ ይሞታል። ሐኪም ጋ ይሂድ።”

“ዓሚ፣ እሱ ከተማ ይሄዳል፣ እዚያ ያወጣል፣ ይሸጣል፣ ይጠፋል” አለ አደም። “የታመመ መምሰል ቀላል ነው።”

“ትንፋሽም ይመስላል?”

አደም ጎንበስ አለ። ጆሮውን አፌ አጠገብ አድርጎ ትንሽ አዳመጠ።

“እኔ አብሮ ይሄዳል” አለ በመጨረሻ። “ዓይኔ ከሱ አይነሳም።”

የዓሚ ኢድሪስን ሞተር አስነሱ። እኔ መቀመጥ ስላቃተኝ ሐሊማ ቶቧን፣ ያንን ሴቶቹ የሚለብሱትን ረጅም ጨርቅ፣ አውልቃ ከአደም ጀርባ ጋር ጠፍራ አሰረችኝ። ሌባና ዘበኛ በአንድ ጨርቅ። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ ድንጋዩ ጥርስ ይቆጥራል። ጭንቅላቴ አደም ትከሻ ላይ እየተንከባለለ ነው። መሀል ላይ ሽንቴ መጣ አልኩት። አቆመ፣ ፈታኝ፣ ደግፎ አሸናኝ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ።

“እየሞትኩ እኮ ነው” አልኩት።

“ይሙት። ግን እኔ ያያል” አለና መልሶ አሰረኝ። ያን ጊዜ ቋጠሮውን ደጋግሞ አጠበቀው። እንደ ፈራ ያወቅኩት በዚያ ነው።

መንጌ ጤና ጣቢያ ነርሱ አፌን አሸተተና ፊቱ ተለወጠ። ጣቴን ወጋ፣ ጠብታዋን ትንሽ ማሽን ላይ አደረገ። ማሽኑ ቁጥር ማውጣት ሲገባው ሁለት የእንግሊዝ ፊደል አወጣ። አደም ፊደል ይቆጥራል፣ አነበበው።

“ሃይ ይላል። ማሽን ሰላም ይላል?”

“ከመጨረሻው ቁጥር በላይ ነው ማለት ነው” አለ ነርሱ፤ ከዚያ ወደ አምቡላንሱ ሹፌር እየጮኸ ወጣ።

አሶሳ ሆስፒታል እንዴት እንደገባሁ አላስታውስም። ስነቃ በሁለቱም ክንዴ ውሃ ይንጠባጠባል። እግሬ ሥር አደም ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ የመጸዳጃ ሳህን አለ። አልጋችን አጠገብ ባሏን የምታስታምም አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ አደምን እያየች “ወንድም ማለት እንዲህ ነው፣ ሳህኑን እንኳን ለሰው አይሰጥም” ትላለች። አደም አልመለሰላትም። እኔ ሳቄ መጣና ሆዴን አመመኝ።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ትንሽ ልጅ ነው የምትመስለው፤ ስትናገር ግን ክፍሉ ዝም ይላል።

“ዶክተር፣ ያበሉኝ መርዝ ነው አይደል?” አልኳት።

“የስኳር በሽታ ነው።”

አላመንኳትም። ስኳር የሚይዘው ሆድና መኪና ያለውን ሰው ነው፤ እኔ ሁለቱም የሉኝም። ማን ከፈላት አልኩ በሆዴ። እሷ ቀጠለች፤ ቆሽትህ ኢንሱሊን የሚባለውን ነገር ማምረት አቁሟል፣ በወጣትነት እንዲህ ሳይታሰብ የሚመጣ ዓይነት አለ፣ ሰውም አላደረገብህም፣ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ መርፌ ትወጋለህ አለችኝ። ሰው ሲናደድ ቆሽቴ አረረ ይላል፤ የኔው ሳልናደድ አረረ።

አደም ተነሳ።

“ዶክተር፣ አንተ ሆዱን ፎቶ ያነሳል?”

“ለምን?”

ነገራት። ስለ ፍሬዋ፣ ስለ ገበቴው፣ እኔ ስለምመላለስበት ጫካ። ስለ ጉንዳኑ ግን አልነገራትም፤ እኔም አልነገርኳትም። እሱ ዘበኛ ነውና ማስረጃውን ሁሉ በአንዴ አይሰጥም። እኔ ደግሞ እንደ እብድ እንዳታየኝ ብዬ ነው። ዶክተሯ ጨርሳ ሰማችው። መሳቅ ፈልጋ ተወችው።

“ይሄ በሽታ በእንግሊዝኛ ዳያቤቲስ ነው የሚባለው” አለች። “ቃሉ ግን የእንግሊዝ አይደለም። የጥንት ግሪኮች ነው፣ በጣም የቆየ። ነዳጅ ከበርሜል በጎማ ስበው ሲያወርዱ አይታችኋል?”

ምን ማየት፣ ነዳጅ ከሱዳን የሚገባበትን የኩርሙክን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጎማ በአፉ ስቦ ያውቃል።

“እነሱም ይሄን በሽታ ያ ጎማ በሚጠራበት ቃል ጠሩት። አልፎ የሚሄድ፣ የማይቆም ማለት ነው። የጥንት ሐኪሞች የሚጠጣ፣ የሚጠጣ፣ የጠጣውም አልፎት የሚሄድ ሰው አዩ። የሚወጣው ውሃ ብቻ ሳይሆን ሥጋውም አብሮ የሚቀልጥ መሰላቸው። ወደ ጫካ የተመላለስከው ለዚህ ነው። ኋላ ደግሞ ሜሊተስ የሚል የላቲን ቃል ጨመሩበት። ማር የገባበት ማለት ነው።”

አደም ቀና አለ።

“ለምን ማር?”

“ሽንቱ ጣፋጭ ስለሆነ። ስኳሩ ደም ውስጥ ሞልቶ በሽንት ይወጣል። ህንድ አገር ደግሞ በጥንት ጊዜ የማር ሽንት ይሉት ነበር። በምን እንዳወቁት ታውቃላችሁ? ጉንዳን ይከበዋል።”

እኔና አደም ተያየን። ከዚያ በፊት ስንተያይ ሁሌ አንዳችን ሌላችንን ስንጠብቅ ነበር፤ ያኔ ግን ዝም ብለን ተያየን።

“ጉንዳን ማን ነገረህ?” አላት አደም። ድምፁ ቀጥኗል።

“ማንም። የተጻፈ ነው።”

“ዓሚ ኢድሪስ ደወለ? ሐሊማ ደወለ?”

“ሐሊማ ማናት?” አለች ዶክተሯ።

ስልኬን ነጥቆ የተደወለውን አየ። የራሱንም አየ። ማንም አልደወለም። ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። እኔ እንደሆንኩ የዶክተሯ ቃል ውስጤ ገብቷል። መርዝ አይደለም። አንድም ሰው አላደረገብኝም። በዚያች አሸዋ ላይ የነበረውን ነገር አገራችንን አይተው የማያውቁ፣ ሞተው አፈር የሆኑ ሰዎች አይተውት ስም አውጥተውለታል። ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው። አለቀስኩ። ለሴትዮዋ ዓይኔ ውስጥ አልኮል ገባ አልኳት።

በማግሥቱ ሆዴ ላላልኝ፣ ተጸዳዳሁ። አደም ሳህኑን ይዞ ወጥቶ ቆይቶ ተመለሰ።

“አየህ አይደል?” አልኩት።

“አየ። ለሥርዓት ነው” አለና እጁን በሳሙና ሲታጠብ ቆየ።

ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ማንጎው ሥር የኛ ቡድን ብቻ አይደለም፤ ከላይኛው ጉድጓድ ያሉ ቆፋሪዎችም መጥተዋል። የስኳር ነገር ስናገር ሳቁ። አንዱ “ከሲታ ባለ ስኳር የት አገር ነው ያለው?” አለ። ሌላው “ዶክተሯም ድርሻ ሰጥተዋት ይሆናል” አለ። ነደደኝ።

“ጉንዳኑ ይመስክር” አልኩ። “እዚህ እሸናለሁ፣ ቁጭ ብላችሁ እዩ።”

ሸናሁ። ሰው ሁሉ ከቦ ተቀመጠ። ጠበቅን። አንዲት ጉንዳን መጣች፣ ዞረች፣ መንገዷን ሄደች። ሌላ አልመጣም። ሰዎቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። እኔ ገባኝ፤ መርፌው ስኳሩን አውርዶታል። ድኜ ነው የተዋረድኩት።

“እንግዲያው ዛሬ አልወጋም” አልኩ። “ማታም አልወጋም፣ ነገም አልወጋም። ያኔ ታያላችሁ፣ የመንጌ ጉንዳን ሁሉ እዚህ ነው የሚሰበሰበው።”

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቀልድ አልነበረም። ዶክተሯ አንድ ቀን ብትዘል እዚሁ ሆስፒታል ትመለሳለህ፣ ምናልባትም አትመለስም ብላኝ ነበር። አውቄው ነው ያልኩት። ሌባ ተብሎ ከዚያ ጅረት ከመውጣት እዚያው መውደቅ ይሻል መሰለኝ። ዓሚ ኢድሪስ መሬት መሬት ያያል። እሱ እሺ ቢል ያ ነገር ይሆን ነበር።

አደም ተነሳ። ከቦርሳዬ መድኃኒቱንና መርፌውን አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠ።

“አሁን ሰዓቱ ነው። ይወጋል።”

“አደም፣ ስሜ ነው።”

“ስም ለሞተ ሰው ምን ያደርጋል? ይወጋል።”

“አልወጋም።”

ወደ ሰዎቹ ዞረ።

“ወላሂ፣ እኔ ቀንም ሌሊትም አየ። ሳህኑን በእንጨት ፈልጎ አየ። ወርቅ የለም። ጉንዳን በዓይኔ አየ። ይሄ ሰው ሌባ ነው ብሎ መጀመሪያ የተናገረ እኔ ነው። ሌባ አይደለም ብሎ የሚምል እኔ ነው። ጉንዳን ለማየት ሰው ይሙት የሚል ካለ ይነሳ።”

የተነሳ የለም። ዓሚ ኢድሪስ ጉሮሮውን ጠረገ።

“የከሰሰው ከማለ ሌላ ምስክር አንጠይቅም” አለ። “ይመር፣ ልጄ፣ ተወጋ። ከዚያ ይቅርታ እንጠይቅሃለን።”

እጄ እምቢ አለኝ። አደም ሸሚዜን ገልጦ፣ ነርሷ አሶሳ ላይ ስታሳየኝ ከኋላ ቆሞ እንዳየው አድርጎ ራሱ ወጋኝ። ከዚያ ሁሉም በየተራ እጄን ጨበጡኝ። ሐሊማ ሻይ አፈላች፤ ያለ ስኳር። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ሻይ አፍልታ ስለማታውቅ እኔ እየጠጣሁ እሷ ናት ፊቷን የምታጨማድደው። ፍሬዋ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ሐሊማ አይቼ ነበር ትላለች፤ ጅረቱ ነው የበላት እላለሁ እኔ። ጅረቱን ሳህን ላይ አስቀምጦ የሚጠብቅ የለም።

አሁን ለናንተ ነው የምናገረው። ቤታችሁ ውስጥ ውሃ የማይጠግብ፣ ከሽንት የማይመለስ፣ እየበላ የሚከሳ ልጅ ካለ አትጠርጥሩት፤ ሰው አድርጎበታልም አትበሉ። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ጣቱን ይወጉት። ጠብታ ደም ናት። እኔ ጉልበተኛው በዚያች ጠብታ ነው የቆምኩት። ጠበል የሚወስደው ይውሰደው፣ ሼህ ጋ የሚወስደው ይውሰደው፤ ብቻ ጣቱን መጀመሪያ።

ስለዚያ ስም ደግሞ ብዙ አስባለሁ። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት የተወ ሰው የግሪክ ቃል ሲያስብ ማየት ለናንተም አዲስ ነው። ያንን ስም ያወጣው ሰውዬ የሚመስለኝ የአደም ዘመድ ነው። ሰዎች ሁሉ በሽተኛውን ሰነፍ ነው፣ ጠጪ ነው፣ ሌባ ነው ብለው ሲያልፉ እሱ ያላመነ፣ ተከትሎ ጫካ የገባ፣ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ያየ። ልዩነቱ እሱ ካየ በኋላ አልፈረደም፣ ጠየቀ። እኔም አሁን ሰው ሲጠረጥረኝ አልቆጣም። ና፣ እይ እለዋለሁ። ቀርቦ ያየ ሰው ነው ያዳነኝ።

መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም፤ ፍሪጅ ደግሞ የለንም። አደም ጅረቱ ዳር ጥላ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እርጥብ አሸዋ አድርጎ፣ ማሰሮ ቀብሮልኛል። እዚያ ነው የማስቀምጠው። ጠዋት ጠዋት ቁፋሮ ከመጀመራችን በፊት መጥቶ ከፊቴ ይቆማል።

“ወጋ?”

“ወጋሁ።”

“ያሳያል።”

መርፌውን አሳየዋለሁ። ይቀበለኛል፣ ወደ ፀሐይ ያነሳዋል፣ ባዶ መሆኑን ያያል። ከዚያ ሸሚዜን ገልጦ የተወጋሁበትን ይፈልጋል። እስከ ዛሬ አያምነኝም። አላህ ዕድሜውን ያርዝመው።